ከሰዓት በኋላ የሚጠፋው ድምፅ

ብርቅታይት ዓይኗ በአንድ ቀን አልጠፋም። እየተሸራረፈ ነው የሄደው፤ ያውም ከዳር ጀምሮ። ካዚኖ ውስጥ የብላክጃክ ጠረጴዛ ይዛ ካርታ ስታድል፣ ግራና ቀኝ ጥግ የሚቀመጡት ተጫዋቾች እየደበዘዙ፣ ፊት ለፊቷ ያሉት ብቻ ጥርት ብለው ይታዩዋት ጀመር። «ድካም ነው፤ ኦቨርታይሙን ስቀንስ ይለቀኛል» እያለች ራሷን አጽናናች። ሐኪም ቤት የሄደች ጊዜ ግን የዓይኗ ግፊት ነርቩን ጎድቶታል ተባለች። ጠብታውም ኦፕራሲዮኑም ተሞከረ፤ አልሆነም። ስልሳ ዓመት ሲሞላት ብርሃንን ከጨለማ ከመለየት በቀር የምታየው ነገር አልነበረም።

ደሴ ተወልዳ ያደገች፣ በዲቪ ከባሏ ጋር ላስ ቬጋስ የገባች፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ዕድሜዋን በእጇ ሠርታ የኖረች ሴት ናት። እጇ ፈጣን ነው፤ ጆሮዋም እንደዚያው። በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙትን የቁማር ቺፕስ ስትደረድር ከድምፁ ብቻ አንድ ትርፍ እንደገባ ታውቅ ነበር ይላሉ አብረዋት የሠሩት። ሰው ማስቸገር አትወድም። «ቆይ፣ እኔ» የሚለው ቃል ከአፏ አይጠፋም። ስለዚህ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ጨለማው አልነበረም፤ በሄደችበት ሁሉ ባሏ ክንዷን መያዙ ነበር።

ባሏ ግዛቸው ደግ ሰው ነው። ከኤርፖርት ወደ መኪና መከራያው መንገደኛ የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል፤ ሺፍቱ ከቀትር እስከ ምሽት ነው። ከቤት ሳይወጣ ምሳዋን አቅርቦ፣ ውሃዋን ቀድቶ፣ «በቃ እዚችው ሶፋ ላይ አረፍ በይ፤ እኔ እስክመጣ የትም እንዳትሄጂ» ብሏት ይሄዳል። እሷም «እሺ» ትላለች። መኪናው ከግቢው ሲወጣ ድምፁን ሰምታ ትነሳለች።

የሚያስቸግራት ኮሪደሩ ነበር። ስፕሪንግ ቫሊ በሚባለው ሰፈር የተከራዩት ቤት መሐሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ ረጅም ኮሪደር አለው፤ መኝታ ቤቱም፣ መታጠቢያውም፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍልም በሩ ወደዚያ ነው። እጇ ባዶ ሲሆን ግድግዳውን እየዳበሰች ትሄዳለች። የልብስ ቅርጫት ከያዘች ግን መሐል ላይ ስትደርስ ወጥ ቤቱ ከፊቷ ይሁን ከኋላዋ ይጠፋባታል። በገዛ ቤቷ፣ ቅርጫቷን ታቅፋ፣ እንደ እንግዳ ቀጥ ብላ ትቆማለች።

መላው የተገኘው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቀን ግዛቸው የወጥ ቤቱን ራዲዮ ሳያጠፋው ሄደ። ብርቅታይት ኮሪደሩ መሐል እንደ ልማዷ ስትደናገር፣ ራዲዮው ከግራ በኩል ስለ ፍራሽ ቅናሽ ይጮሃል። ወጥ ቤቱ እዚያ ነው ማለት ነው። ቅርጫቷን እንዳቀፈች ድምፁን ተከትላ ሄደች፤ አንድም ነገር ሳትነካ የወጥ ቤቱን በር አለፈች። የዚያን ቀን ብቻዋን ሳቀች።

ከዚያ በኋላ በየክፍሉ ራዲዮ ይቀመጥ አለች። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ሲጮህባት መዋሉ ራሷን አዞራት። የምትወደው በኢንተርኔት የሚተላለፈውን የአማርኛ ፕሮግራም ነው፤ ወሬውን፣ ትረካውን፣ የጤና ምክሩን። ብሉቱዝ ስፒከር ተሞከረ፤ አንዱ ክፍል ከሌላው ወደ ኋላ እየቀረ ቤቱ ገደል ማሚቶ ሆነ፤ አቅጣጫውም ጭራሽ ተምታታ። በመጨረሻ የግዛቸው የሥራ ባልደረባ ሱፊያን መጣና መላ አመጣ።

«እትዬ ብርቅታይት፣ ለእርስዎ የሚሆን አንድ ነገር አለ» አላት። «የእጅ መዳፍ የምታክል የኤፍ ኤም ማሰራጫ ናት። ላፕቶፑ ላይ በገመድ ትሰካለች። ላፕቶፑ የሚያወራውን ተቀብላ በአየር ትለቀዋለች፤ ቤት ውስጥ ያለ ራዲዮ ሁሉ ይይዘዋል። ጉልበቷ ትንሽ ነው፤ ከአጥር አታልፍም።»

«ሁሉም እኩል ያወራሉ?»

«እኩል! አንዱ ከአንዱ አይቀድምም።»

እንዳለውም ሆነ። ግዛቸው ጣቢያ የሌለበት ክፍት የኤፍ ኤም ቁጥር ፈልጎ ማሰራጫዋን እዚያ ላይ አደረጋት። አሮጌ ራዲዮዎች ተለቃቅመው በየክፍሉ ተቀመጡ። የመታጠቢያ ቤቱ ራዲዮ ድምፁ ቀጭን ነው፤ የመኝታ ቤቱ ወፍራም፤ የወጥ ቤቱ ትንሽ ይነፋነፋል። ብርቅታይት በሳምንት ውስጥ የእያንዳንዱን ድምፅ ለየች። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከየክፍሉ ሲያወራላት ቤቱ ቅርፅ ያዘ። ወጥ ሠራች፤ ልብስ አጠበች፤ አጣጥፋም ቁም ሣጥን አስገባች። ክንዷን የሚይዝ ሰው አላስፈለጋትም።

የመኝታ ቤቱ ራዲዮ ግን ይንሿሿ ነበር። ግዛቸው «ከፍ ካለችና መስኮት ካገኘች ይሻላታል» ብሎ ማሰራጫዋን ከሳሎኑ መደርደሪያ አንሥቶ በምዕራብ በኩል ባለው መስኮት ደፍ ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጣት። የመኝታ ቤቱ ድምፅ ጠራ። ሐምሌ ገባ፤ የቬጋስ ፀሐይ አስፋልቱን ማቅለጥ ጀመረች።

ድምፁ መጥፋት የጀመረውም ያን ጊዜ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ብርቅታይት የታጠበ ልብስ ይዛ ኮሪደሩን አጋምሳ ነበር። ተራኪው አንድ ዐረፍተ ነገር ጀምሮ ሳይጨርስ ተዋጠ፤ በቦታው ሽሽሽ የሚል ድምፅ ቤቱን ሞላው። ቆመች። ይመለሳል ብላ ጠበቀች፤ አልተመለሰም። የሚንሿሿው ራዲዮ ከየትኛው ክፍል እንደሆነ ለመለየት አስቸገራት፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። በግምት ተራመደች። ገርበብ ብሎ የቀረው የመታጠቢያ ቤቱ በር ጠርዙ ግንባሯን አገኘው። ቅርጫቱ ወደቀ፤ እሷም ግድግዳውን ተደግፋ ቁጭ አለች። ያመማትን ያህል አልጮኸችም። የሚሰማት ሰው ስለሌለ ሳይሆን፣ የራሷን ጩኸት መስማት ስላልፈለገች ነው።

ግዛቸው ማታ ሲገባ ራዲዮዎቹ ሁሉ ያወራሉ፤ ድምፁ ጠፍቶ እንደነበር ነገረችው።

«ጠፋ ያልሽው የታል? ይኸው ይሠራል እኮ!» አላት።

«አንተ ስትመጣ ይሠራል። አባቱ ሲገባ አደብ እንደሚገዛ ልጅ ነው።»

ሳቀ፤ ግንባሯን ሲያይ ግን ሳቁ ቆመ። የአቅሙን ሞከረ። ሌላ ጣቢያ ገብቶበት ይሆናል ብሎ የማሰራጫዋን ቁጥር ቀየረ፤ ራዲዮዎቹንም አንድ በአንድ አስተካከለ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ጠፋ። ገመዱን ለወጠው፤ ጠፋ። ርካሽ ቻርጀር ገዝቶ መጣ፤ ጭራሽ ዝምምም የሚል የንብ መንጋ ድምፅ ተጨመረበትና የድሮውን መለሰው። እሱ ባለበት ጠዋትና ማታ አንድም ቀን አይጠፋም። ውሎ አድሮ የሚያያት አስተያየት ተለወጠ፤ ብርቅታይት ባታየውም ከድምፁ አወቀችው። እንደ ሕፃን ለስለስ አድርጎ ያናግራት ጀመር።

እሁድ ጠዋት፣ አባቷ ሥራ ሳይገባ፣ ልጃቸው ናርዲ መጣች። እዚሁ ቬጋስ ተወልዳ ያደገች፣ የጥርስ ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራ፣ ከባሏ ጋር ሴንቴኒያል ሂልስ ቤት የገዛች ልጅ ናት።

«እማዬ! ዋት ኢዝ ዚስ? ፊትሽ ላይ ምንድን ነው?»

«በር ነው።»

«በር ዝም ብሎ ሰው አይመታም። ኖ። እማዬ፣ ከእኛ ጋር ትመጫለሽ። ክፍል አለ፣ ባዶ ነው እሱ ክፍል። ዳዲም ይመጣል። ዚስ ኢዝ ኖት ሴፍ።»

«የኔ ልጅ፣ ቤቴ ነው እኮ።»

«ቤትሽ ነው፤ ግን ብቻሽን ነሽ። ሥራ ላይ ሆኜ ስለ አንቺ ብቻ አስባለሁ። ኤቭሪ ዴይ!»

ብርቅታይት የልጇን እጅ ፈልጋ ያዘች። ከዚያ ባሏ የሆነ ነገር ይላል ብላ ጠበቀች። ግዛቸው ዝም አለ። ያ ዝምታ ከበሩ ይልቅ አመማት።

ናርዲ ከሄደች በኋላ «ልጅቷ እውነቷን ነው፣ ብርቄ» አለ ቀስ ብሎ። «እኔም መንገድ ላይ ሆኜ ሐሳቤ እዚህ ነው። ያቺ ማሰራጫ እንደሆነች ልታዋጣን አልቻለችም።»

«እስከሚመጣው እሁድ ስጠኝ።»

«ምን ልታደርጊ?»

«እንጃ። ስጠኝ ብቻ።»

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ድምፁ እንደ ልማዱ ጠፋ። ብርቅታይት ይህን ጠብቃ ሳሎን ተቀምጣ ነበር። አልተነሣችም። ካዚኖ ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ስሕተት ሲፈጠር ካርታ አዳዩ፣ ዲለሩ፣ መጀመሪያ የሚማረው እጅን መሰብሰብ ነው፤ ምንም ሳይነኩ፣ የወጡትን ካርታዎች ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አንድ በአንድ መለስ ብሎ ማየት። እሷም እንደዚያ አደረገች።

ራዲዮዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ነው የጠፉት። ሁሉም ባንድነት ሊበላሹ አይችሉም፤ ደግሞም እየተንሿሹ ነው፤ ስለዚህ ደኅና ናቸው። ላፕቶፑስ? ወደ መደርደሪያው ሄዳ የተሰካውን ገመድ በጣቷ ፈልጋ ነቀለችው። ተራኪው ከላፕቶፑ ከራሱ አፍ ወጥቶ ወሬውን ቀጠለ። ሳታስበው «እንኳን ደኅና መጣህ» አለችው። ላፕቶፑም ደኅና ነው። ገመዱን መልሳ ሰካችው። የቀረው ማሰራጫዋ ናት።

ገመዱን እንደ ክር እየተከተለች እስከ መስኮቱ ሄደች። እጇን ከመጋረጃው ጀርባ ስታስገባ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ገረፋት። ለሙቀቱ ስትል መጋረጃውን ቀኑን ሙሉ ዘግታ የምትውለው እሷ ናት፤ ሳሎኑ ከኤሲው የተነሣ ቀዝቃዛ ነው፤ በመስታወቱና በመጋረጃው መካከል ያለው ግን ሌላ አገር ነው። ማሰራጫዋን ስትነካ እጇን ሰበሰበች። ከእሳት እንደወረደ ድስት ታቃጥላለች።

«አዬ፣ አንቺ!» አለቻት። «ነድደሽ አይደል እንዴ!»

በቀሚሷ ጫፍ ይዛ፣ ከሶኬቱ ነቅላ፣ ኤሲው ወደሚነፍስበት ወሰደቻት። ስትበርድ ድሮ ወደነበረችበት መደርደሪያ መልሳ ሰካቻት። ጆሮዋን ጣለች። ራዲዮዎቹ አሁንም ይንሿሿሉ። ቁልፎቹን መነካካት አማራት፤ ማሰራጫዋ የምታሳየው ቁጥር ስለማይታያት ተወችው። ከመነቀሏ በፊት ያልነበረ ምን አዲስ ነገር አለ ብላ አሰበች። መነቀሏ ራሱ! ግዛቸው ገመድና ቻርጀር ሲለውጥ «ደግሞ ቁጥሩን ረሳችው» እያለ ሲነጫነጭ ሰምታዋለች። መብራት ሲቋረጥባት ከፋብሪካ ወደ ወጣችበት ቁጥር ትመለሳለች ማለት ነው። እንግዲያው አልሞተችም፤ ሌላ ቦታ ሆና እያወራች ነው።

የወጥ ቤቱን ራዲዮ ማዞሪያ ይዛ ከአንዱ ጫፍ ጀምራ ቀስ እያለች ዞረች። የአገር ቤት ዘፋኝ ሳይሆን የቴክሳስ ጊታር መጣ፤ አለፈች። ስፓኒሽ መጣ፤ አለፈች። ሰባኪ፣ የመኪና ማስታወቂያ፣ ትራፊክ። ከዚያ በሁለት ኃይለኛ ጣቢያዎች መካከል፣ ቀጠን ብሎ፣ የምታውቀው ሰው ስለ ስኳር በሽታ በአማርኛ ይመክራል። ማዞሪያውን እስትንፋሷን ይዛ እዚያው ላይ አቆመችው።

ከዚያ ግድግዳ እየዳበሰች ወደ መታጠቢያ ቤት፣ ከዚያ ወደ መኝታ ቤት። እያንዳንዱን ራዲዮ በጆሮዋ አስተካከለች። ቤቱ መልሶ ቅርፁን ሲይዝ ላብ አጥምቋት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች።

ለግዛቸው ግን አልነገረችውም። ተሳስታ ቢሆንስ? አንዴ ተናግራ ድምፁ ተመልሶ ቢጠፋ «አየሽ» ይሏታል፤ ሁለተኛ የሚሰማት አይኖርም። ስለዚህ በማግስቱ እሱ ሲወጣ ማሰራጫዋን አንሥታ ሆን ብላ መስኮቱ ላይ መለሰቻት። ወንበር ስባ አጠገቧ ተቀመጠች፤ እንደታመመ ልጅ ግንባር እየነካች ትለካታለች። ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ስትዞር ማሰራጫዋ ለብ አለች፤ ከዚያ ሞቀች፤ ከዚያ አላስነካ አለች፤ ተራኪውም መሐል ላይ ተዋጠ። ብርቅታይት በሕይወቷ የአንድ ነገር መበላሸት እንደዚያ ቀን አስደስቷት አያውቅም። ሐሙስ ማሰራጫዋን መደርደሪያው ላይ አዋለቻት፤ ድምፁ ቀኑን ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ማታ ግዛቸው እራቱን ሲበላ ነገረችው። መጀመሪያ አላመነም፤ ወዲያው ደግሞ ማንኪያውን አስቀመጠ።

«መስኮቱ ላይ ያስቀመጥኳት እኔ ነኝ» አለ።

«አንተ ነህ።»

«እኔ ስገባ ፀሐይዋ ጠልቃለች። በርዳ ነው የምትጠብቀኝ። እንደ ልጅ ሳባብልሽ ሰነበትኩ አይደል?» አላት።

«ሰነበትክ።»

ተነሥቶ እጇን ያዘና ግንባሩ ላይ አስደገፈው። ያን ምሽት አብረው ሠሩ። መደርደሪያው ላይ ስትሆን መኝታ ቤቱ ስለሚንሿሿ ማሰራጫዋን ከነላፕቶፑ ኮሪደሩ ላይ ወዳለው ቁም ሣጥን አናት ወሰዷት፤ የቤቱ መሐል እሱ ነው፤ ፀሐይም አያገኘውም። የአንቴናዋን ሽቦ ተጠቅልሎ ከነበረበት ፈትተው ቀጥ አድርገው ሰቀሉት። እሱ መሰላል ላይ ሆኖ ሽቦውን ይይዛል፤ እሷ መኝታ ቤት ሆና «ትንሽ ወደ ቀኝ! አሁን ጠራ! እዚያው ላይ!» ትላለች። ትእዛዝ ሰጪዋ እሷ ነበረች።

ናርዲ እሁድን አልጠበቀችም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ አባቷ ሥራ ላይ ሳለ፣ በራሷ ቁልፍ ከፍታ ገባች። እናቷ የልብስ ቅርጫት አቅፋ በኮሪደሩ መሐል እየመጣች ነበር፤ ግድግዳ ሳትይዝ፣ ሳትፈጥን፣ ሳትደናበርም። ናርዲ እናቷን እንዳታስደነግጥ በሩ ላይ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆመች።

«ናርዲ፣ በሩን ዝጊው እንጂ፤ ሙቀት ያስገባል» አለቻት እናቷ።

ልጅቷ ሳቅም ለቅሶም ያዛት። ተቀምጠው ብዙ አወሩ። ብርቅታይት ስለ ማሰራጫዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረቻት፤ ናርዲ ግን ሁሉን ሰምታ «አይ ስቲል ወሪ» አለች። «ሌላ ነገርም አለ፣ እማዬ። ምድጃ አለ። መንገድ አለ።»

«አለ» አለች ብርቅታይት። «ጭንቀትሽን አልከለክልሽም፤ የኔ እናትም እስክትሞት ስትጨነቅልኝ ነው የኖረችው። ግን ተቀምጬ እንድጠበቅ አታድርጊኝ። ስትሠሪ ውለሽ ደውዪልኝ፤ ደኅና ነኝ እልሻለሁ። ደኅና ካልሆንኩም እነግርሻለሁ። የበሩን ነገር አልነገርኩሽም ነበር፤ እሱ ጥፋቴ ነው።»

ናርዲ ወዲያው አልተስማማችም። ስትወጣም የተስማማች አይመስልም ነበር። ነገር ግን በሚቀጥለው ሳምንት በምሳ ሰዓቷ ደወለች፤ በማግስቱም። በየበሩ ሥር በሮቹ ወይ ጥርቅም ወይ ወለል ብለው እንዲቆሙ የሚያደርግ ማቆሚያ ገጠመች። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ደግሞ ለራሷ ቤት ሌላ ማሰራጫ ገዛች፤ አሁን እናቷ አንዳንድ ቅዳሜና እሁድ ሴንቴኒያል ሂልስ ታድራለች፤ ሰኞ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ወሬው ከሱፊያን አፍ ወጥቶ ሩቅ ሄደ። ዊትኒ የሚባል ሰፈር የምትኖር፣ ስሜነሽ የምትባል፣ በስኳር ምክንያት ዓይኗ እየደከመ የመጣ ሴት አንድ ቀን ስልክ ደወለች፤ እሷም ማሰራጫ አስገዝታ እምቢ ብላታለች። ብርቅታይት ራዲዮው ይንሿሿ እንደሆነ፣ ላፕቶፑ ያወራ እንደሆነ በየተራ ጠየቀቻት። የስሜነሽ ችግር ሙቀት አልነበረም፤ ገመዱ ጠበቅ ብሎ አልተሰካም፤ በአንድ ግፊት ተስተካከለ።

ስልኩ ግን አልተዘጋም።

«እትዬ ብርቅታይት» አለች ስሜነሽ፣ «ጭራሽ ሲጠፋ እንዴት ነው? ሰው አይነግረኝም።»

ብርቅታይት ወንበሯን ስባ ተመቻችታ ተቀመጠች። «እነግርሻለሁ» አለቻት። «መጀመሪያ ክፉኛ ያስለቅሳል። አልዋሽሽም። ከዚያ ደግሞ...» ብላ ጀመረች፤ ወጧ እስኪበስል ድረስ አወሩ።